የቤንጋሊን ሥነ ጽሑፍ በመጽሔቶቹ በኩል እንዴት እናንብብ?

ራቢንድራናት ታጎር የልጅነት ትዝታውን ሲጽፍ ባንጋዳርሻን የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት ያነሣል። የሚቀጥለው እትም እስኪወጣ አንድ ወር መጠበቁ ራሱ ከባድ ነበር፤ መጽሔቱ ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ታላላቆቹ አንብበው እስኪጨርሱ ተራ መጠበቁ ጨርሶ የማይቻል ነገር ሆነበት። ዛሬ ያንኑ ልቦለድ በአንድ ጥራዝ ገዝተን በሁለት ቀን የምንጨርስ ሰዎች ያ ልጅ ካነበበው የተለየ ነገር ነው የምናነበው። እሱ ምዕራፉን ያገኘው በታሪክ መጣጥፍ፣ በሳይንስ ጽሑፍና በመጽሐፍ ሒስ መካከል ተሰክቶ፣ መጨረሻው ገና ሳይታተም ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ቤንጋሊኛ ለማያነብ፣ በትርጉም ግን ከእነዚህ ደራስያን ጋር ለተዋወቀና ጠለቅ ብሎ መግባት ለሚፈልግ ሰው ነው። የብዙዎቹ ታላላቅ የቤንጋሊ ልቦለዶችና ግጥሞች የመጀመሪያ ቤት መጽሔት ስለሆነ፣ የደራስያንን ስም በዝርዝር ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ሥራ ይዞ ወደ ወጣበት መጽሔት መመለስ፣ ከዚያም የመጽሔቱን አርታኢ እግር በእግር መከተል ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት “በቤንጋል አቆጣጠር” ካልተባለ በቀር ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከሚያውቁት አንድ ሥራ ይጀምሩ

መነሻው ቀደም ብለው ያነበቡት ወይም የሚያውቁት ሥራ ይሁን። የታጎርን “ጎራ” አንብበው ከሆነ መጽሔትዎ ፕራባሲ ነው፤ ልቦለዱ ከ1907 እስከ 1910 በተከታታይ ወጥቶበታል። “ጋሬ ባይሬ”ን፣ ማለትም ቤትና ደጅን፣ ካነበቡ ሳቡጅ ፓትራን ይያዙ። የሳትያጂት ራይን “ፓቴር ፓንቻሊ” የተሰኘ ፊልም ያዩ ሰዎች ፊልሙ የተመሠረተበት የቢቡቲቡሻን ባንዶፓድያይ ልቦለድ በ1928 እና በ1929 ቢቺትራ በተባለ መጽሔት ክፍል በክፍል እንደታተመ ሲያውቁ ይገረማሉ። ራሱ ራይም ቢሆን ከመጽሔት ቤተሰብ የወጣ ነው። ሳንዴሽ የተባለውን የልጆች መጽሔት በ1913 የመሠረቱት አያቱ ኡፔንድራኪሾር ሲሆኑ፣ ከእሳቸው በኋላ አባቱ ሱኩማር መርተውታል። ራይ ከገጣሚው ሱባሽ ሙኮፓድያይ ጋር ሆኖ መጽሔቱን በ1961 መልሶ አስነሣው፤ ፌሉዳ የተባለው ዝነኛ መርማሪም በ1965 የተወለደው እዚያው ገጽ ላይ ነው።

ሥራው የወጣበትን መጽሔት ለማወቅ ብዙ ጊዜ የትርጉሙን መግቢያ ወይም የግርጌ ማስታወሻውን ማየት ይበቃል። መጽሔቱን ካወቁ በኋላ ያን ሥራ ብቻ ቆርጠው አያውጡት። በዚያው እትም ውስጥ ከጎኑ ምን እንደታተመ፣ ከምዕራፉ በፊት የትኛው መጣጥፍ እንደቀደመ፣ ከኋላው የማን ግጥም እንደተከተለ ይመልከቱ። በተከታታይ በሚወጣ ሥራ መጨረሻ ላይ “ክራማሻ” የሚል ቃል ታትሞ ያገኛሉ፤ “ይቀጥላል” ማለት ነው። ቤንጋሊኛ ባያነቡም እንኳ ይህን ቃል በዓይን መለየት ከቻሉ ልቦለዱ የት የት ላይ እንደተቆረጠ፣ ደራሲው አንባቢውን በምን ላይ አንጠልጥሎ እንደሄደ መከታተል ይችላሉ። በጥራዙ ውስጥ ያለ ምክንያት የቆመ የሚመስል ምዕራፍ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው።

ዘመኑን ሲመልሱ

የቤንጋሊ መጽሔቶች ሽፋን ላይ የሚያገኙት ቀን በራሳቸው አቆጣጠር ነው፤ ጀማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ረገድ ከብዙዎች ይቀድማል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ብሎ መደመር ከልጅነቱ የለመደው ነውና። የቤንጋል ዓመትም የሚመለሰው በዚሁ ዘዴ ነው። ዓመቱ የሚጀምረው በአፕሪል አጋማሽ ባይሻክ በሚባለው ወር ስለሆነ፣ ከባይሻክ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 593፣ ከጃንዋሪ እስከ አፕሪል አጋማሽ 594 ይደመራል። ወሮቹ ባይሻክ፣ ጃይሽታ፣ አሻር፣ ሽራባን፣ ባድራ፣ አሽዊን፣ ካርቲክ፣ አግራሃያን፣ ፓውሽ፣ ማግ፣ ፋልጉንና ቻይትራ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአውሮፓው ወር አጋማሽ ገደማ ይገባሉ። ባንጋዳርሻን የጀመረበት ባይሻክ 1279 ስለዚህ የ1872 አፕሪልና ሜይ ነው። የቢቡቲቡሻን የመጀመሪያ አጭር ልቦለድ በፕራባሲ የወጣው ግን በማግ 1328 ስለሆነ፣ ሲመለስ 1922 እንጂ 1921 አይሆንም።

ስሌቱን ካወቁ በኋላም ሽፋኑን ሙሉ በሙሉ ማመን አይገባም። ለዚህ ከካዚ ናዝሩል ኢስላም “ቢድሮሂ”፣ ማለትም “አመፀኛው”፣ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ገጣሚው ይህን ረጅም ግጥም የጻፈው በ1921 ዲሴምበር መጨረሻ፣ በካልካታ ታልታላ ሌን ከሙዛፋር አህመድ ጋር በሚኖርበት ቤት፣ በአንድ ሌሊት፣ በእርሳስ ነው፤ ጠዋት መጀመሪያ የሰማውም ያው አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ነበር። ግጥሙ በሳምንታዊው ቢጅሊ በፓውሽ 22 ቀን 1328፣ ማለትም በጃንዋሪ 6 ቀን 1922 ታተመ። ይሁንና ሞስሌም ባራት የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት የገለጠ ሰው ይኸው ግጥም የካርቲክ 1328 ቀን በያዘ እትም ላይ ያገኘዋል፤ ያ ደግሞ የ1921 ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። ግጥሙ ከመጻፉ በፊት ታተመ ማለት ነውን? ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወርኃዊው መጽሔት ዘግይቶ ቢወጣም የዘገየበትን ወር ስም ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ሁለት መጽሔቶች አንድን ሥራ “መጀመሪያ አወጣን” ሲሉ ካዩ፣ ሽፋን ላይ ያለውን ወር ከማነጻጸር በፊት እትሙ በእርግጥ ለገበያ የዋለበትን ቀን የሚናገር ደብዳቤ ወይም ትዝታ ይፈልጉ።

ስሞችን በተመለከተ

የቤንጋሊ ፊደል እንደ እኛው ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር ይዞ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ምንም ምልክት ያልተጨመረበት ፊደል በቤንጋሊኛ ብዙውን ጊዜ ወደ “ኦ” ያዘነበለ ድምፅ መስጠቱ ነው። በዚህ ምክንያት በቤተ መጻሕፍት ካታሎግ “ባንጋዳርሻን” ተብሎ የተመዘገበውን መጽሔት የካልካታ ሰው “ቦንጎዶርሾን” ይለዋል፤ “ሳቡጅ ፓትራ” በአፍ “ሾቡጅ ፖትሮ”፣ “ካቪታ” ደግሞ “ኮቢታ” ይሆናል። እዚህ የተከተልኩት የካታሎጉን አጻጻፍ ነው፤ የሚፈልጉት በእሱ ስለሆነ። አንድ መጽሔት አልገኝ ካለዎት ግን “አ”ን በ“ኦ”፣ “ቪ”ን በ“ቢ”፣ “ሳ”ን በ“ሻ” እየቀየሩ ደግመው ይሞክሩ።

የሰው ስምም ሁለት መልክ አለው። ቻቶፓድያይና ቻተርጂ፣ ሙኮፓድያይና ሙከርጂ፣ ባንዶፓድያይና ባነርጂ ሁለት ሁለቱ አንድ ስም ናቸው፤ ታጎርም በቋንቋው ታኩር ነው። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው የብዕር ስም ነው። ፕራማታ ቻውዱሪ “ቢርባል” እያለ ይፈርም ነበር፤ ሳራት ቻንድራ ቻቶፓድያይ በሴት ስም “አኒላ ዴቪ” ሆኖ ጽፏል፤ ወጣቱ ታጎር ደግሞ “ባኑሲምሃ” በሚል ስም የጥንት ገጣሚ መስሎ ባራቲ በተባለው የቤተሰቡ መጽሔት ላይ ቅኔ አሳትሟል። በአንድ እትም ውስጥ አምስት ስም አይተው አምስት ጸሐፊ አለ ብለው አይደምድሙ።

የአርታኢውን እጅ ይፈልጉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜዎን ሊሰጡ የሚገባውም ለዚህ ክፍል ነው። የቤንጋሊ መጽሔት አርታኢ የተላከለትን ተቀብሎ የሚያትም ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ራሱ ደራሲ ሲሆን፣ ገጾቹን ለመሙላት ሲል ይጽፋል፤ ሌላውንም ያስጽፋል።

ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ ባንጋዳርሻንን ሲመሠርት ባሃራምፑር በምትባል ከተማ የእንግሊዝ አስተዳደር ሹም ነበር። እንግሊዝኛ የተማረው ወገን በገዛ ቋንቋው የሚያነበው ቁም ነገር እንዲያገኝ ፈለገ። ለዚህም ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ “ቢሻብሪክሻ”፣ ማለትም “የመርዝ ዛፍ”፣ የተባለውን ልቦለዱን በተከታታይ አወጣ፤ በዙሪያውም መጣጥፍ፣ ሒስና ሳይንስ አሰለፈ። እሱ ያዘጋጀው ባንጋዳርሻን በ1876 ቆመ። ከዚያ ወንድሙ ሳንጂብ ቻንድራ አስቀጠለው፤ “አናንዳማት” የተባለው የባንኪም ልቦለድም በዚህ በሁለተኛው ዘመን ወጣ። በ1901 ስሙ እንደገና ሲነሣ ደግሞ አርታኢው ያ በልጅነቱ ተራ ሲጠብቅ የነበረው ታጎር ሆነ፤ “ቾኬር ባሊ” የተባለውን ልቦለድም ያወጣው በዚሁ ነው። ስለዚህ “ባንጋዳርሻን” የሚል ስም ሲያዩ መጀመሪያ የትኛው ዘመን ነው ብለው ይጠይቁ።

ራማናንዳ ቻተርጂ ሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ ልቦለድ ጸሐፊ ሳይሆን ጋዜጠኛና መምህር። ፕራባሲን በ1901 የጀመረው ከቤንጋል ውጭ፣ በአላሃባድ የኮሌጅ ኃላፊ ሆኖ ሲሠራ ነው፤ ስሙም “ከአገሩ ርቆ የሚኖር” ማለት ነው። ይህን ቃል በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ያለ አማርኛ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ ሳያስፈልገው ይረዳዋል። ራማናንዳ በ1907 ሞደርን ሪቪው የተባለውን የእንግሊዝኛ መጽሔት ስለጨመረ፣ ቤንጋሊኛ የማያነብ ሰው የፕራባሲን አስተሳሰብ በእሱ በኩል መቅመስ ይችላል። በፕራባሲ ውስጥ “ቢቢዳ ፕራሳንጋ” የተሰኘውን የአርታኢውን ዓምድ ማለፍ ስሕተት ነው፤ የታጎር ምዕራፎች የታተሙት የዘመኑ ፖለቲካ በየወሩ በሚተችበት በዚህ መጽሔት ውስጥ ነውና።

ፕራማታ ቻውዱሪ በባይሻክ 25 ቀን 1321፣ በታጎር የልደት ቀን፣ በ1914 ያወጣው ሳቡጅ ፓትራ ደግሞ የቋንቋ ዐመፅ ነበር። እስከዚያ የተከበረ ጽሑፍ የሚጻፈው “ሳዱ” በሚባለው፣ ረዥም የግስ ቅርጽ ባለው የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። ቻውዱሪ “ቻሊት” የሚባለው የንግግር ቋንቋ ለቁም ነገር ይበቃል አለ። ልዩነቱን ለመረዳት አንድ ግስ ይበቃል፤ “ሠርቻለሁ” ለማለት በመጽሐፉ ቋንቋ “ኮሪያቺ”፣ በንግግሩ “ኮሬቺ” ይባላል። ታጎር በዚሁ መጽሔት ላይ በመጀመሪያ “ቻቱራንጋ” የተባለውን ልቦለድ በሳዱ አሳተመ፤ ወዲያው በ1915 “ጋሬ ባይሬ”ን በቻሊት ጀመረ። የሁለቱን ትርጉም ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ትርጉሙ ይህን ለውጥ እንዴት እንዳጠፋው ያስተውላል። ታጎር ቀስ በቀስ ተለወጠ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አንድ ግትር አርታኢ ባይገፋው ኖሮ ያ ልቦለድ በሌላ ልሳን ይወጣ ነበር ወደሚለው አደላለሁ።

አራተኛው ቡዳዴብ ባሱ ነው። በ1935 የጀመረው ካቪታ እስከ 1961 ድረስ ግጥምንና የግጥም ሒስን ብቻ ያትም ነበር፤ ለብዙ ዘመንም የተዘጋጀው በካልካታ ራሽቤሃሪ አቬኑ በሚገኘው በራሱ መኖሪያ ቤት ነው። በመጀመሪያው እትም የጂባናናንዳ ዳስን ግጥም ያነበበው ታጎር፣ ሥዕል የሞላበት ነው ብሎ ለባሱ ጻፈለት። “ባናላታ ሴን” የተሰኘው፣ ዛሬ ብዙ ቤንጋሊ በቃሉ የሚያውቀው ግጥምም በዚያው ዓመት በፓውሽ 1342 እትም ወጣ። ባሱ በኋላ “አንድ ግጥም በአንድ ፓይሳ” የሚል የ16 ገጽ ትንንሽ መጽሐፍ ተከታታይ አወጣ፤ ዋጋው አራት አና፣ ይኸውም 16 ፓይሳ ነበር። ጂባናናንዳም በ1942 በዚህ ተከታታይ ታትሟል።

ጠበኛውንም አብረው ያንብቡ

አንድን መጽሔት በራሱ ወዳጆች ብቻ ማወቅ አይቻልም። በ1923 የተጀመረው ካሎል ስለ ድህነት፣ ስለ ሥጋ ፍላጎትና ስለ ከተማ ኑሮ በድፍረት የሚጽፉ ወጣቶችን ሰበሰበ፤ በ1929 ሲዘጋ ስሙ የአንድ ትውልድ ስም ሆኖ ቀርቶ ነበር። በ1924 የጀመረው ሻኒባሬር ቺቲ፣ ማለትም “የቅዳሜ ደብዳቤ”፣ ደግሞ እነዚህኑ ወጣቶች በማስመሰልና በማሾፍ ይከተላቸው ነበር፤ የሹፈቱ አበጋዝ ሳጃኒካንታ ዳስ ነበር። የካሎልን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሳጃኒካንታን ክፉ አድርጎ ማየት ይቀናዋል። እንዲያ ከማድረግዎ በፊት የሹፈቱን ገጾች ይመልከቱ፤ ሰውዬው የሚያሾፍባቸውን ግጥሞች መሥመር በመሥመር ያነበበ፣ ምናልባትም ከወዳጆቻቸው ይበልጥ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ነው። ጂባናናንዳን ለዓመታት ሲያላግጥበት ኖሮ፣ ገጣሚው በኦክቶበር 1954 በካልካታ ትራም ተገጭቶ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ጥሩ ሕክምና እንዲያገኝለት ከተሯሯጡት አንዱ እሱ ነበር።

ካልካታ ብቻ አይደለም

በእንግሊዝኛ የተጻፉ ብዙ መግቢያዎች የሂንዱ መካከለኛ መደብ ወንዶችን መጽሔት ብቻ እየዘረዘሩ ያልፋሉ። ይህን ለማረም ሁለት መጽሔቶችን ወደ ንባብዎ ይጨምሩ። ሙሀመድ ናሲሩዲን በ1918 የመሠረተው ሳኦጋት የናዝሩልን የመጀመሪያ የታተመ ታሪክ በ1919 ያወጣ፣ በ1929 ደግሞ ለሴት ጸሐፊዎች ብቻ የተለየ እትም ያዘጋጀ ነው። ያው ሰው በጁላይ 1947፣ አገሪቱ ለሕንድና ለፓኪስታን ልትከፈል ሳምንታት ሲቀሩ፣ ቤገም የተባለውን የሴቶች ሳምንታዊ መጽሔት በካልካታ አስጀመረ። የመጀመሪያዋ አርታኢ ገጣሚዋ ሱፊያ ካማል ስትሆን፣ ቀጥላ የናሲሩዲን ልጅ ኑርጃሃን ቤገም ያዘችው፤ መጽሔቱም በ1950 ዛሬ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ዳካ ተዛወረ። ሴት አርታኢ ግን ከዚያ በፊትም ነበረች፤ የታጎር ታላቅ እኅት ስዋርናኩማሪ ዴቪ ከ1884 ጀምሮ ባራቲን ለረጅም ጊዜ መርታለች። ከ1947 በኋላ ያለውን የዳካን መንገድ ለመከተል የሚፈልግ፣ ሲካንዳር አቡ ጃፋር በ1957 ያወጣውን ሳማካልን ይያዝ።

ትንንሾቹ መጽሔቶችና የሚገኙበት ቦታ

ከ1950ዎቹ በኋላ ነገሩ ይበታተናል። ሱኒል ጋንጎፓድያይና ጓደኞቹ በ1953 ክሪቲባስን የወጣት ገጣሚዎች ልሳን ብለው ጀመሩ። ረኃብተኞች የተባሉት ገጣሚዎች፣ ማላይ ሮይ ቻውዱሪን የመሳሰሉት፣ ከ1961 ጀምሮ መጽሔት እንኳ ሳይሆን አንድ ነጠላ ወረቀት አትመው ይበትኑ ነበር። ማላይ በ1964 ታስሮ በአንድ ግጥሙ ምክንያት 200 ሩፒ ተቀጣ፤ በ1967 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነፃ አወጣው። እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያስቀምጥ ቤተ መጻሕፍት ብዙ አልነበረም። ሳንዲፕ ዳታ የተባለ ሰው ይህን አይቶ በ1978 በካልካታ ታመር ሌን፣ በገዛ ቤቱ ውስጥ፣ ለትንንሽ መጽሔቶች ብቻ የሚሆን ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ እስካረፈበት እስከ 2023 ድረስም ሲሰበስብ ኖረ። ወደ ካልካታ የመሄድ ዕድል ካገኙ ይህን ቤተ መጻሕፍት፣ ከኮሌጅ ስትሪት ደግሞ ፓቲራም የተባለውን የመጽሔት መሸጫ፣ በጃንዋሪ መጨረሻ ገደማ ከደረሱም በከተማዋ የመጽሐፍ አውደ ርዕይ ለትንንሽ መጽሔቶች የተከለለውን ስፍራ ይጎብኙ። በመኸር የሚሄድ ሰው በዱርጋ ፑጃ በዓል ሰሞን የሚወጡትን ወፋፍራም ልዩ እትሞች ያገኛል፤ አንድ እትም ሙሉ ሙሉ ልቦለዶችን ይይዛል።

መሄድ የማይችል ሰውም ባዶ እጁን አይቀርም። በካልካታ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ማዕከልና በጀርመን የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የድሮ የቤንጋሊ መጽሔቶችን በዲጂታል መልክ ለአንባቢ አቅርበዋል። ፋይሉን ሲከፍቱ መጀመሪያ ሽፋኑና የማስታወቂያ ገጾቹ መኖራቸውን ያረጋግጡ፤ መጽሔቶች ዓመት በዓመት ሲጠረዙ እነዚህን ቆርጦ መጣል የተለመደ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ጎድለው ይገኛሉ፤ የዘይትና የመድኃኒት ማስታወቂያ ግን መጽሔቱን ማን ይገዛው እንደነበር ከመጣጥፉ ይበልጥ ይናገራል። ሳቡጅ ፓትራ ላይ ማስታወቂያ ካጡ ግን ጠራዡን አይውቀሱ። ቻውዱሪ ማስታወቂያም ሆነ ሥዕል አላስገባም፤ የፈቀደው ናንዳላል ባሱ ለሽፋኑ የሣላትን አንዲት አረንጓዴ የዘንባባ ቅጠል ብቻ ነው።